በየቤታችን የሚሠሩ ልጆች፦ ስለ ሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ሲወራ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ መንገድ ነው። ሊስትሮው፣ ሱቅ በደረቴው፣ ሶፍትና ማስቲካ አዟሪው ይታያሉ። ብዙዎቹ ግን አይታዩም። ከብት ሲያግድ የዋለ ልጅ አይታይም። ሸማ ሲሠራ የሚያመሽም አይታይም። ጎረቤት ቤት ልብስ የምታጥበው የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ካልሆነ አትታይም። ይህ ገጽ ለእነዚህ ለማይታዩት፣ ከሁሉም በላይ በሰው ቤት ለሚሠሩት ብዙ ቦታ ይሰጣል። እዚያ አሠሪዎቹ እኛው ስለሆንን ነው።

እኛም ልጅ ሆነን ከብት ጠብቀናል፣ ውሃ ቀድተናል። ያ ሁሉ ብዝበዛ ነበር?

አልነበረም። ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ጥጃ ቢያስር፣ ቤት ቢጠርግ፣ ታናሽ እህቱን ቢይዝ ማንም ጥፋት ነው አይልም። ልጅ ሥራ የሚለምደው እንደዚያ ነው። መታየት ያለበት ሥራው ከልጁ ላይ ምን እንደሚወስድ ነው። ትምህርቱን ካስቀረው፣ እንቅልፍ ከነሳው፣ ከአቅሙ በላይ ካሸከመው ወይም ለአደጋ ካጋለጠው እገዛ መሆኑ ያበቃል።

ገጠር ላይ ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መስከረም ላይ ተመዝግቦ ደብተር የያዘ ልጅ፣ አጨዳ ሲደርስ ኅዳር ሙሉ ይቀራል። ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ጓደኞቹ ሌላ ምዕራፍ ላይ ናቸው። ፈተና ይወድቃል፣ ክፍል ይደግማል። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ ከሆነ በሦስተኛው አይመዘገብም። ማንም ከትምህርት ቤት አላባረረውም፤ ግን ወጥቷል።

በኢትዮጵያ ምን ያህል ልጆች ናቸው?

ሰፊው የአገር አቀፍ ጥናት የተደረገው በ2007 ዓ.ም. ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ሆኖ ያካሄደው ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ከሆኑ ልጆች 42.7 በመቶው፣ ማለትም ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ በሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ውስጥ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ የሚሠሩት በእርሻና በከብት እርባታ ነው፤ ያውም ለገዛ ቤተሰባቸው፣ ያለ ክፍያ።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ጦርነትም ድርቅም አይታለች፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ስለዚህ ያ ቁጥር የዛሬን ሁኔታ ይነግረናል ብሎ መደገፍ ይከብዳል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. ለ2024 የወጣው ግምት 138 ሚሊዮን ልጆች ይላል። ከእነዚህ 54 ሚሊዮኑ አደገኛ ሥራ ላይ ናቸው። 87 ሚሊዮኑ ያሉት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ነው። ዓለም ችግሩን እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ጨርሶ ለማጥፋት ቃል ገብቶ ነበር። ቀኑ አልፏል፣ ልጆቹ ግን አሁንም ሥራ ላይ ናቸው።

ሕጉ ከስንት ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳል?

ከ15 ዓመት ጀምሮ። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መነሻው 14 ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 15 ከፍ አደረገው። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። የትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የበዓል ቀን ሥራም ክልክል ነው። ማዕድን ማውጫና የድንጋይ ካባ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ የዋሻ ቁፋሮ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል መስመርና ከባድ ሸክም ያለበት የትራንስፖርት ሥራ ለወጣት ሠራተኛ የተከለከሉ ናቸው።

ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 36 ልጅ ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ተግባር እንዲጠበቅ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደህንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን ሁለት ዋና ስምምነቶችም አጽድቃለች፤ ስለ ዝቅተኛ ዕድሜ የሚናገረውን በ1991 ዓ.ም.፣ ስለ አስከፊ የሕፃናት ሥራ የሚናገረውን በ1995 ዓ.ም.። ከአንድ ትልቅ ቀዳዳ በቀር በወረቀት በኩል ብዙ የጎደለን ነገር የለም።

ታዲያ አዋጁ የቤት ሠራተኛን ያካትታል?

አያካትትም፤ ትልቁ ቀዳዳም ይሄ ነው። ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል ተብሎ ተትቷል። የቀድሞውም አዋጅ ይህንኑ ይል ነበር። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ገብቶ መዝገብ ይጠይቃል፣ የሰው ሳሎን ውስጥ ግን አይገባም። የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱንም ለቤት ሠራተኛው ብሎ ፍርድ ቤት ይዞ የሚሄድ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት በቤት ውስጥ ያለች ልጅ ጨርሶ ሕግ የላትም ማለት አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ ያጎሳቆለ፣ የደበደበ ወይም ከአቅሙ በላይ ያሠራ ሰው እንደሚቀጣ ይናገራል። መነሻ ቅጣቱ ከሦስት ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት መሆኑ ግን ነገሩን ምን ያህል አቅልለን እንዳየነው ያሳያል።

ሥራው ያን ያህል ከባድ ነው እንዴ? የቤት ሥራ አይደል?

አንድ ቀኗን አብረን እንይ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ቁርስ ትሠራለች፣ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ትሞላለች። ከዚያ የአሠሪዋን ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ቦርሳውን የያዘችው እሷ ናት። በሩ ላይ አውልቃ ታሸክመዋለች፣ እሱ ይገባል፣ እሷ ትመለሳለች። ሁለቱ የአንድ ክፍል እኩዮች ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው እንበል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አራተኛ ፎቅ ደግሞ አይወጣም። ሊፍት የለም። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ልጅቷ ራሷ 35 ኪሎ ብትሆን ከግማሽ ክብደቷ በላይ ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች ማለት ነው። አንዴ ብቻም አይደለም፤ በርሜሉ እስኪሞላ ነው። ከዚያ ልብስ፣ ምሳ፣ እንጀራ፣ ቡና፣ እራት። እንግዳ ካመሸ እሷም ታመሻለች። የሥራ መውጫ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ የምትተኛው ወጥ ቤት ወይም ሳሎን ከሆነ ሌላው ሰው ሳይተኛ አትተኛም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ብቸኝነቱ ነው። ሊስትሮው ቢያንስ አብረውት የሚስቁ ጓደኞች አሉት። እሷ «እትዬ» እና «ጋሼ» ከምትላቸው ሰዎች በቀር ማንንም አታውቅም። የሆነ ነገር ቢደርስባት፣ በተለይ ደግሞ ከቤቱ ወንዶች አንዱ ቢደፍራት፣ ለማን ትናገራለች?

እኔ ባላመጣት ገጠር ሊድሯት ነበር። ረዳኋት እንጂ ምን በደልኳት?

ይህ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሸሽተው ወደ ከተማ የሚመጡ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ በገቡበት ቤት እንደ ልጅ አድገው፣ ተምረው፣ ተድረው ወጥተዋል። እንዲህ ያደረጉ ሰዎችን ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም።

ግን «አስተምራታለሁ» ተብላ የመጣች ልጅ የምትማረው መቼ ነው? በቀን ከሆነ ቃልዎን ጠብቀዋል። ማታ ከሆነ፣ ያውም ሥራ ካለቀ፣ 14 ሰዓት ሠርታ ዴስክ ላይ የምታንቀላፋ ልጅ ተማሪ ተብላ ተመዝግባለች እንጂ እየተማረች አይደለም። ደመወዟስ ማን እጅ ነው? «አስቀምጥልሻለሁ» የተባለ ገንዘብ በተሰበረ ብርጭቆና በጠፋ ማንኪያ እየተቆራረጠ የሚያልቅበት ቤት አለ። ከእናቷ ጋር ማንም አጠገቧ ሳይቆም በስልክ ታወራለች? «መሄድ እፈልጋለሁ» ብትል የመሳፈሪያ ይሰጣታል? ከቤቱ ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ትበላለች ወይስ የተረፈውን?

እነዚህን ጥያቄዎች ለራስዎ በሐቅ ይመልሱ። መልሱ ካላማረዎት ደግሞ ማስተካከል የሚችሉት እርስዎ ነዎት፣ ዛሬውኑ። በቅርብ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በቀን ያስመዝግቧት። ከባዱን ሥራ ዕድሜዋ ለደረሰ ተመላላሽ ይስጡ። «ታዲያ ምን ልትሠራልኝ ነው?» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት፣ ያመጧት ለእሷ ሳይሆን ለሥራው ነበር ማለት ነው። ይህን በግልጽ መናገር አስፈላጊ ይመስለኛል።

ደላላው 18 ዓመቷ ነው አለኝ። በምን አውቃለሁ?

ደላላ ሁሉንም 18 ያደርጋል። የሚከፈለው ሲያስቀጥር ስለሆነ ነው። ልጅቷም ሥራው እንዳያመልጣት እሱ ያስጠናትን ትላለች። የልደት ምስክር ወረቀት መጠየቅም ብዙ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 13 እና 14 የሆኑት ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው።

ስለዚህ ወላጅን ማግኘት ይቀድማል። እናቷን ወይም ታላቅ እህቷን በስልክ ያግኙ። ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠች፣ ታላላቆቿ ስንት ዓመት እንደሚበልጧት ይጠይቁ። ከተጠራጠሩ ልጅ ናት ብለው ይውሰዱት።

ሽሮ ሜዳ ስላሉት ልጅ ሸማኔዎች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ብዙ ዓመት የቆየ ነገር ነው። ሸማኔነት የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ የዶርዜና የጨንቻ አካባቢ ተወላጆች፣ የሚታወቁበት የተከበረ ሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጉለሌና ሽሮ ሜዳ በዚህ ሙያ ነው የሚታወቁት። ከአባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሙያ የሚለምድ ልጅ አለ። እየተነጋገርን ያለነው ስለ እሱ አይደለም።

እየተነጋገርን ያለነው ከወላጆቹ ተነጥሎ ስለመጣው ልጅ ነው። አካሄዱ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ለመስቀል አገር ቤት ይገባል። ጥሩ ለብሷል፣ ስጦታ ይዟል። ሲመለስ «ሙያ አስተምረዋለሁ፣ ትምህርት ቤትም አስገባዋለሁ» ብሎ የጎረቤት ልጅ ይዞ ይመለሳል። ለወላጅ ትንሽ ገንዘብ ይሰጣል። ልጁ መጀመሪያ ቀሰም ላይ ክር ያጠነጥናል። እግሩ ሲደርስ ሸማኔው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ እግሩ ከታች መርገጫውን ይረግጣል፣ እጁ ከላይ መወርወሪያውን ይወረውራል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መብራቱ ደካማ ነው፣ ጥለት ደግሞ ክር በክር የሚቆጠር ሥራ ነው። ዓይን ያደክማል፣ ጀርባ ያጎብጣል። ማታ እዚያው ይተኛል። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረቡ ትዕዛዝ ይበዛል፣ ሰዓቱም ይረዝማል። እኛ ለበዓል ነጭ የምንለብሰው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ የሀበሻ ቀሚስ መግዛት ላቁም?

አያቁሙ። በዚህ ሙያ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ አዋቂ ሸማኔዎች በሺዎች ናቸው። ከቻይና የሚመጣው የታተመ ጨርቅ ገበያቸውን እየተሻማቸው ባለበት ሰዓት እኛም ብንተዋቸው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ግን ይጠይቁ። የሸማኔዎቹን ቦታ ሊያሳይዎት ከሚችል ሰው ወይም ማኅበር ይግዙ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በልጆችና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ ከመዘገባቸው ዕቃዎች አንዱ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ሱቅ ከፍተው የሚያስመጡ ሰዎች «ማን ነው የሸመነው?» የሚለውን ለአቅራቢዎቻቸው ማንሳት አለባቸው። ዋጋ ሲከራከሩም ያስቡበት። ጥለቱ ከተለመደው ዋጋ በጣም ወርዶ ከተገኘ፣ ያልተከፈለው ሰው አለ።

ወላጆቹ ግን እንዴት አንጀታቸው ቻለ?

አንጀታቸው አልቻለም። መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ አንሷል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ባዶ ነው። አባት ከሞተ ወይም እናት ከታመመች አንድ አፍ መቀነስ ራሱ ዕርዳታ ነው። ትምህርት ቤቱ ነፃ ቢሆንም ደብተር፣ ዩኒፎርምና የሁለት ሰዓት መንገድ ነፃ አይደሉም። አሥረኛ ክፍል ደርሶ ሥራ ያጣውን የጎረቤት ልጅ ደግሞ በየቀኑ ያዩታል። በዚህ መሃል «አስተምርልሻለሁ» የሚል ዘመድ ሲመጣ እናት እምቢ ማለት ይከብዳታል። ልጇን የሰጠችው ለተሻለ ነገር ብላ ነው። መታለሏ እንጂ መሸጧ አይደለም።

ጫማዬን ትንሽ ልጅ ላስጠርግ ወይስ አላስጠርግ?

ያስጠርጉ፤ ቢቀሩ ያ ልጅ ያን ዕለት ምሳ ላይበላ ይችላል። ግን በትምህርት ሰዓት ከሆነ «ፈረቃህ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ሊስትሮዎች ግማሽ ቀን ይማራሉ። የማይማር ከሆነ ለምን እንደሆነ ይነግርዎታል፤ አንዳንዴ የጎደለው ደብተር ብቻ ነው።

ለምን አሠሪዎቹ ሁሉ አይቀጡም? ጠበቅ ያለ ክልከላ አይበቃም?

ደላላውንና በልጅ የሚነግደውን መቅጣት ያስፈልጋል። ለዚያ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ፤ የተነገደበት ሰው ልጅ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ልጁን ከሥራ ማስወጣት ብቻውን ግን ሊያባብስበት ይችላል። ባንግላዴሽን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በልጆች የተሠራ ልብስ እንዳይገባ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ፣ የዳካ ልብስ ፋብሪካዎች ደንግጠው ወደ 50 ሺህ የሚገመቱ ልጆችን አስወጡ። ሕጉ ገና አልጸደቀም ነበር። ዩኒሴፍ በኋላ ሲያጣራ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ድንጋይ ፈጭ፣ መንገድ ላይ ሻጭ፣ ከዚያም የከፋ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፋብሪካዎቹ ከዩኒሴፍና ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ተስማምተው ልጆቹ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ትምህርት ቤት እንዲገቡና ድጎማ እንዲያገኙ ተደረገ። ለእኛም ቅደም ተከተሉ ይሄው ነው።

እስካሁን ከተሞከረው የሚሠራው የትኛው ነው?

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የተማሪዎች ምገባ ነው። አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረብ ስትጀምር፣ ለድሃ እናት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ወጪ መሆኑ ቀርቶ የወጪ ቅነሳ ሆነላት። ሆዱ የሞላ ልጅ ክፍል ውስጥ ይቆያል። ይህ ነገር ልጆቹ በሚነሱባቸው ገጠር ወረዳዎች በደንብ ቢስፋፋ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚደርሰው ልጅ ይቀንስ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በአካባቢ ልማት ሥራ ምትክ ምግብ ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በችግር ወራት ቤተሰብ ልጁን እንዳይበትን ይረዳል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አባትና እናት እርከን ሥራ ላይ ሲውሉ ከብቱንና ቤቱን የሚይዘው ልጅ ነው። የእርዳታው ጥቅም በዚያው በኩል እንዳይሄድ ሥራው የልጆችን ጊዜ ያገናዘበ መሆን አለበት።

ሌላው በ1998 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» ነው። ሠራተኛ ልጃገረዶችን በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ከቤት አውጥቶ፣ ከሰፈራቸው በተመረጡ ሴቶች አማካይነት ማንበብና መጻፍ፣ ጤናና ራስን መጠበቅ ያስተምር ነበር። ሴቶቹ ቤት ለቤት እየዞሩ አሠሪዎችን ያስፈቅዱ ነበር። የተቆጣጣሪ እግር የማይደርስበት ቤት የጎረቤት ሴት ትደርሳለች።

ውጭ አገር ነኝ። አዲስ አበባ ላሉት እናቴ ሠራተኛ የምከፍለው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?

ከፋዩ እርስዎ ከሆኑ አሠሪውም እርስዎ ነዎት። እናትዎን በሚቀጥለው ስልክ ስለ ልጅቷ ይጠይቋቸው፦ ስሟ ማን ነው፣ ስንት ዓመቷ ነው፣ ትማራለች? ከዚያ እሷን ራሷን ያነጋግሯት። ዕድሜዋ ያልደረሰ ከሆነ ደመወዙን ጨምረው ለአዋቂ ሠራተኛ ይክፈሉ፣ ልጅቷን ደግሞ በቀን ያስተምሯት ወይም ወላጆቿ ዘንድ ሆና እንድትማር ይርዷት። በዶላር ለሚያገኝ ሰው ልዩነቱ ከባድ አይሆንም። አረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል። ለቤተሰባቸው ሲልኩ «ሠራተኛዋንም አደራ» የሚሉ አሉ።

የጎረቤት ልጅ እየተበደለች ነው ብዬ ብጠረጥር ማንን ላናግር?

የምትደበደብ ከሆነ ወይም ሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ ለፖሊስ 991 ይደውሉ። ብዙ የአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጉዳይ የሚይዝ ክፍል አላቸው። አስቸኳይ ካልሆነ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋ ይሂዱ። የቀኑን ሁኔታ፣ ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው ይያዙ። ልጅቷን ብቻዋን ሲያገኟት ያናግሯት፤ ስሟን፣ የመጣችበትን ወረዳና ቀበሌ፣ የእናቷን ስልክ ይወቁ። አሠሪዋን ፊት ለፊት ለመጋፈጥ አይቸኩሉ፤ በማግስቱ ከሰፈሩ ሊያጠፏት ይችላሉ።

ከወጣች በኋላም የመሳፈሪያ ሰጥተው ብቻዋን አውቶቡስ ተራ አያድርሷት። ደላሎቹ የሚጠብቁት እዚያ ነው። ወላጆቿ መኖራቸውና ሊቀበሏት መዘጋጀታቸው እስኪጣራ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ማረፊያ ታግኝ፣ የሚሸኛትም ሰው ይኑር።